ከባምባሲ የመጣችው ድመት

ወይዘሮ ሸዋነሽ በዚያ ሐሙስም እንደ ወትሯቸው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተነሡ። ፊታቸውን ታጥበው ጸሎታቸውን አደረሱ። ከማንጎው ዛፍ ሥር የረገፈውን ቅጠል ጠረጉ፤ የወደቀውን ፍሬ ሰብስበው የተበላሸውን ከደህናው ለዩ። ጀሪካኑ ውስጥ የተረፈውን ውሃ ወደ ባልዲ ገለበጡ። ሻይ ጥደው እስኪፈላ ድረስ ደጃፉ ላይ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ለቅዳሜ ገበያ የሚያወጡትን ለውዝ በሰፌድ መልቀም ጀመሩ። አይጥ የቀረጠፈውን ወደ ግራ፣ ደህናውን ወደ ቀኝ ያደርጉ ነበር። የግራው ክምር ከትናንቱ በዝቷል። ሻያቸውን በዳቦ ጠጡ። ከዚያም ላለፉት አምስት ቀናት ሲያደርጉት እንደ ነበረው ወደ መኝታ ክፍል ገቡና በጉልበታቸው ተንበርክከው ከአልጋው ሥር አዩ።

ድመቷ እዚያው ናት። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ዐይኗን አፍጥጣ ተኮራምታለች። በአንገቷ የገባው ሲባጎ ከአልጋው እግር ጋር ተቋጥሯል። በሳህኑ የቀረበላት በወጥ የራሰ እንጀራ ሳይነካ ደርቋል።

«ዛሬም እምቢ አልሽ?» አሏት።

እጃቸውን ሰደድ ሲያደርጉ ድመቷ «ፍፍ» ብላ ጥርሷን አሳየችና ቧጨረቻቸው። አዲሱ ጭረት ከትናንቱ ጎን ተሰመረ። ወይዘሮ ሸዋነሽ እጃቸውን መልሰው ሲባጎውን ተመለከቱ። መካከሉ ላይ በጥርስ ተነክሶ ሳስቷል፤ አንድ ቀን እንኳ የሚቆይ አይመስልም።

ድመቷ ቡሊት ትባላለች። የእታለም ድመት ናት። እታለም የወይዘሮ ሸዋነሽ ታናሽ እህት ነበረች፤ ባምባሲ ከተማ በኪራይ ቤት ብቻዋን ስትኖር ሁለት ሳምንት ታማ ዐረፈች። አርባዋ ከወጣ በኋላ ቤቱ ለአከራዩ ተመለሰ፤ ዕቃው ለጎረቤት፣ ልብሱ ለነዳያን ተሰጠ። ድመቷን የሚወስድ ግን አልተገኘም። ወይዘሮ ሸዋነሽ በጆንያ ከተው በሚኒባስ ወደ አሶሳ አመጧት። ለጠየቃቸው ሁሉ «አይጥ ለውዜን ጨረሰው፤ ለአይጡ ብዬ ነው» ይሉ ነበር። ይህ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የእውነቱ ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ፣ ከእህታቸው ቤት እስትንፋስ ያላት ፍጥረት ይህችው ድመት ብቻ መሆኗ ነው። እሷ ከሞተች ወይም ጠፍታ ከቀረች ከዚያ ቤት በሕይወት የሚቀር ነገር የለም። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ስለዚህ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀጭን ሰንሰለት ሊገዙ ወደ ሱቅ ወጡ።

*

መንገዱ በአቶ ኻሚስ አጥር ሥር ያልፋል። አቶ ኻሚስ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። ወይዘሮ ሸዋነሽ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሠፈራ ከመጡበት ጊዜ አንሥቶ ጎረቤት ናቸው። አቶ ኻሚስ አማርኛን የተማሩት ጎልምሰው ስለሆነ ለወንድም ለሴትም አነጋገራቸው አንድ ነው፤ ወይዘሮ ሸዋነሽንም አርባ ዓመት ሙሉ «አንተ» ሲሉ ኖረዋል። ወይዘሮ ሸዋነሽ ማረሙን ከተዉት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

በዚያ ጠዋት አቶ ኻሚስ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከልጃቸው ከኢንዓም ጋር ማንጎ ይልጡ ነበር። ኢንዓም በዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተምራ ቶንጎ ከተማ የምትሠራ ወጣት ናት። አባቷን ልትጠይቅ ትናንት ገብታለች፤ እሑድ ጠዋት ትመለሳለች።

«ሸዋነሽ! ና፣ ተቀመጥ። ወዴት ትሮጣለህ?» አሉ አቶ ኻሚስ።

«ሰንሰለት ልገዛ ነው።»

«ውሻ አመጣህ?»

«ለድመት ነው።»

አቶ ኻሚስ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ወላሂ፣ ብዙ ነገር አየሁ። ድመት በሰንሰለት ግን ዛሬ ሰማሁ።»

ኢንዓም ተነሥታ በሁለት እጇ ሰላምታ ሰጠቻቸውና ወንበር አቀረበች። ወይዘሮ ሸዋነሽ እጃቸውን ሲዘረጉ ጭረቱን አየች።

«እማማ ሸዋነሽ፣ እጅዎን ምን ነካው?»

«ይህች የእታለም ድመት ናት። ምንም አይደል፤ አመድ ነስንሼበታለሁ።»

«አመድ ለድስት ነው እማማ» አለች ኢንዓም፤ ሳሙናና ውሃ አምጥታም ቁስሉን ረዘም ላለ ጊዜ አጠበችላቸው። «ድመቷ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዳለች?»

«ወስዳለች። አምና የባምባሲን ውሻ ሲከትቡ እታለም ድመት ታቅፋ ውሻ ከያዙት ወንዶች ጋር ተሰለፈች። አገር ሳቀባት።»

«እታለም ብልህ ነበረች። ቢሆንም ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደው ያሳዩት። እስቲ አሁን ይንገሩኝ፤ ድመቷ ከመጣች ጀምሮ ምን ምን አደረጉላት?»

ወይዘሮ ሸዋነሽ እንደ ፈተና ጥያቄ ቆጠሩት እንጂ አልከፋቸውም፤ መልሱን ያውቁታልና። «የሚገባውን ሁሉ አድርጌያለሁ። መንገዱን እንዳትለይ በጆንያ አመጣኋት። ቤት ስገባ በጉልቻው ዙሪያ ሦስት ጊዜ አዞርኋት። እግሯን ቅቤ ቀባሁ። ከዚያ ከአልጋው እግር አሰርኋት። ሰባት ቀን ከታሰረች ቤቷን ትለምዳለች። ምግቧንም በጥቂቱ ነው የማደርገው፤ የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም።»

«ይህን ማን አስተማረዎት?»

«እናቴ ናታ። ወሎ ሳለን እንዲህ ነበር የምታደርገው። አንድም ድመት ጠፍቶብን አያውቅም።»

«የሞተባችሁስ?»

ወይዘሮ ሸዋነሽ ጥቂት አሰቡ። «የሞተማ ሞቷል። እሱ ሌላ ነገር ነው። አልጠፋም እኮ።»

አቶ ኻሚስ ከት ብለው ሳቁ። ወይዘሮ ሸዋነሽም ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ፤ ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም። ልማድን ስንወርስ የሠራበትን ቀን እንጂ ያልሠራበትን ቀን አብሮ የሚያወርሰን የለም። እናታቸው ያሰረቻቸውና የኖሩት ድመቶች በጨዋታ ይነሡ ነበር፤ በገመድ ላይ የሞቱት ግን ከአጥር ውጭ ተጥለው ተረሱ።

«እማማ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልበል» አለች ኢንዓም። «ድመት ቤት የምትለምደው ስለታሰረች አይደለም። ስትደነግጥ የምትገባበት ጥግ ሲኖራት፣ ከዚያም ጥግ ጎትቶ የሚያወጣት ሲጠፋ ነው። የፈራች ድመት የምታውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ትሸሻለች ወይ ትቧጭራለች። ሽሽቱን ገመዱ ከለከላት። የቀራት ጥፍሯ ነው።»

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ ይባላል፤ ዐመሏ ቢሆንስ?»

«እታለምን ትቧጭር ነበር?»

«እታለምን? ትከሻዋ ላይ ነበር የምትውለው።»

«እንግዲያው ዐመል አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ዐመል ቢሆን እዚያም ይታይ ነበር።»

 ወይዘሮ ሸዋነሽ ግን ሽንፈታቸውን በቀላሉ የሚቀበሉ ሴት አልነበሩም። «እሺ፣ ልፍታት። በሩ ሲከፈት ወጥታ የባምባሲን መንገድ ትይዛለች። መንገድ ላይ ጅብ ይበላታል። ያኔ አንቺ ተምረሻልና መልሰሽ ትሰጪኛለሽ?»

«ትፈታ አልኩ እንጂ ከቤት ትውጣ አላልኩም። በር ዘግተን ነው የምንፈታት። ለመሆኑ ምግብ ከበላች ስንት ቀን ሆናት?»

«ከመጣች አምስት ቀኗ ነው። ውሃ ብቻ ትንሽ ትቀምሳለች።»

የኢንዓም ፊት ተለወጠ። እስካሁን እንደ ጨዋታ የያዘችውን ነገር አሁን እንደ ሥራዋ ያዘችው። «እማማ፣ ሰው ቢጾም ይደክማል እንጂ ቶሎ አይጎዳም። ድመት እንደዚያ አይደለችም። ብዙ ቀን ካልበላች ጉበቷ ይታመማል። ጉበቷ አንዴ ከታመመ ሥጋ ቢያቀርቡላትም አትቀምስም። የቀራት ሁለት ቀን ቢሆን ነው።»



አቶ ኻሚስ ጣልቃ ገቡ። «ሸዋነሽ፣ አንተ በሰባ ሰባት ስትመጣ ማን አሰረህ?»

«ምን ማለትህ ነው አንተ ኻሚስ?»

«በመኪና መጣህ። ላይ ሸራ ነበረ፤ መንገድ አላየህም። ልክ እንደ ጆንያ። ጎጆ ሰጡህ፤ ከእህትህ ጋር ገባህ፤ በር ዘጋህ። አንድ ሳምንት አልወጣህም። እናቴ ዓፊያ ገንፎ ሠራ፤ ባሚያ አደረገበት፤ በር ላይ አስቀመጠ፤ ሄደ። ነገ ደግሞ አስቀመጠ፤ ሄደ። አንተ በቀዳዳ ታያለህ። እናቴ ውጣ አለህ? ጎተተህ?»

«አላለችም» አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ።

«ገመድ አመጣ?»

«ተው እንግዲህ። እኔ ሰው ነኝ፤ ድመት አይደለሁም።»

«ሰው ስለሆንክ ነገሩህ፤ አገሩ ይህ ነው፣ ጎረቤቱ ይህ ነው አሉህ። ድመት ማን ይነግረዋል? ለእሱ ይብሳል።»

ወይዘሮ ሸዋነሽ ያን ጎጆ አስታወሱ። እሳቸው ሃያ ዓመታቸው ነበር፤ እታለም አሥራ አራት። ገንፎውን መጀመሪያ ያስገባችው እታለም ናት። እሳቸው «መርዝ ቢሆንስ?» ሲሉ እታለም አፏን ሞልታ «መርዝ እንዲህ አይጣፍጥም» ብላቸው ነበር። በስምንተኛው ቀን ዓፊያ ስትመጣ በሩ ተከፍቶ አገኘችው። ማንም ጎትቶ ያላወጣቸው ሴት አገሩን አገራቸው አድርገው እስከ ዛሬ ኖሩበት።

ወደ ሱቅ አልሄዱም። «ነይ ልጄ፣ እስቲ እያት» ብለው ተነሡ።

*

ኢንዓም መኝታ ቤቱ ስትገባ በመጀመሪያ በሩንና መስኮቱን ዘጋች። ወፍራም ፎጣ ድመቷ ላይ ቀስ አድርጋ ጣል አደረገችና ሲባጎውን ከአንገቷ ላይ በመቀስ ቆረጠች። ድመቷ ወደ ጥጉ ይበልጥ ተለጠፈች። ኢንዓም አልተከተለቻትም፤ ወደ ኋላ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ የሚያስፈልገውን በእርጋታ ዘረዘረች። አንድ ባዶ የዘይት ካርቶን በጎኑ ተጋድሞ አልጋው ሥር እንዲገባ አደረጉ፤ ድመቷ ጣራና ግድግዳ ያለው መደበቂያ እንድታገኝ። በተሰበረ ሳፋ አሸዋ ተሞልቶ በአንደኛው ጥግ ተቀመጠ፤ ለመጸዳጃዋ። ውሃና ምግቡ ከሳፋው ርቆ በሌላው ጥግ ሆነ። ወጡ ተደፋ።

«ለምን ይደፋል? ጥሩ ወጥ ነው» አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ።

«በርበሬና ሽንኩርት አለበት። ሽንኩርት ድመትን ይመርዛል። የደረቅ ዓሣ ካለዎት በውሃ ብቻ ይቀቅሉላት።»

«ዓሣ እያበላሁ ላሳድራት ነው? እንግዲህ አይጡ በደስታ ይሙት!»

«እማማ፣ ድመት አይጥ የምታድነው በረሃብ ብቻ አይደለም፤ አደን ጨዋታዋ ነው። የጠገበችው ጉልበት አላት፤ ሌሊቱን ሙሉ ታደባለች። በረሃብ የደከመችው ግን አይጡ ጅራቷን ረግጦ ቢያልፍ አትነሣም። በሬዎን ሳያበሉ ያርሱበታል?»

ይህኛው ክርክር ወይዘሮ ሸዋነሽን በቶሎ ገባቸው። ገበሬ ያሳደጋቸው ሴት ናቸውና፣ ያልበላ በሬ ቀንበር እንደማይሸከም ያውቃሉ።

«ሌላም አለ» አለች ኢንዓም። «ዐይኗን ትኩር ብለው አይዩአት፤ ትኩር ብሎ ማየት ለእሷ ዛቻ ነው። ምግቧን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ያቅርቡ። ሥራዎን እዚህ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ጀርባዎን ሰጥተው ይሥሩ። ካሻዎት በቀስታ ያውሯት። መምጣት የእሷ ፋንታ ነው። ከባምባሲ ስትመጣ አብሯት የመጣ ጨርቅ የለም? ትተኛበት የነበረ?»

ወይዘሮ ሸዋነሽ በዚህ ጊዜ ኮራ አሉ። «ነበረ እንጂ። ቅርጫቷን አቃጠልሁት። ጨርቁን በኦሞ ሁለት ጊዜ አጠብሁ። እሷንም በሳሙና አጠብኋት። የለቅሶ ቤት ሽታ ይዛ ቤቴ አትገባም ብዬ ነው። ጽዳት እንደሆነ አንቺም ትወጂዋለሽ።»

 «ጽዳትማ ጥሩ ነው» አለች ኢንዓም። «ነገር ግን እኛ ቤታችንን በዐይናችን ነው የምናውቀው፤ ድመት በአፍንጫዋ ነው። ባለቤቷ ጠፋች፤ ቤቱ ጠፋ። የቀራት የእታለም ሽታ ነበር፤ በጨርቁም በራሷ ፀጉርም ላይ። እሱም በሳሙና ሄደ። አሁን ራሷን ስታሸት እንኳ እንግዳ ናት።»

ወይዘሮ ሸዋነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ያልታጠበ የእታለም ልብስ ካለ ካርቶኑ ውስጥ ቢነጠፍ ከእኔ መድኃኒት ሁሉ ይበልጣል።»

«የለም» አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ። «ሁሉም ለነዳያን ተሰጥቷል።»

ይህ እውነት አልነበረም። ግድግዳው ጥግ ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ ከሁሉም ልብስ ሥር፣ እታለም በታመመችባቸው ሁለት ሳምንታት ከራሷ ያላወረደችው ነጠላ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ሟች የለበሰውን ማስቀረት እንደ ነውር ይቆጠራልና ማንም እንዳያየው ደብቀው ነው ያመጡት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩን ዘግተው ያወጡታል፤ አንድ ጊዜ ያሸቱታል፤ መልሰው ይጠቀልሉታል።

ያን ቀን ድመቷ አልበላችም።

*

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ኢንዓም ተመልሳ መጣች። ዓሣው እንደቀረበ አለ። ድመቷ ካርቶኑን አልነካችውም፤ ከኋላው፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃለች።

«እስከ ነገ ጠዋት ካልቀመሰች በመርፌ ቱቦ በአፏ ልሰጣት እሞክራለሁ» አለች ኢንዓም። «ግን ይዞ መታገሉ ፍርሃቷን ያባብሰዋል። እኔም እሑድ ሂያጅ ነኝ።»

ወይዘሮ ሸዋነሽ መሬት መሬት እያዩ «የሟችን ልብስ ለድመት ማንጠፍ ነውር ነው» አሉ።

ኢንዓም ትናንት የለም የተባለው ልብስ እንዳለ ገባት። ገባኝ ግን አላለችም። ይህች ወጣት በትምህርቷ ብቻ ሳይሆን በአስተዳደጓም የተመሰገነች ነበረች።

«ነውር ሊሆን ይችላል» አለች። «እኔ አላዝዝዎትም። ጨርቅ ሽታ ለዘላለም አይይዝም፤ ሣጥን ውስጥ ቢቆለፍም ቀስ እያለ ይሄዳል። ይህን ብቻ ይወቁልኝ።»

«ቀስ እያለ ይሂድ ታዲያ። ምን አስቸኮለው?»

«እሱን የሚያስቸኩለው የለም። ድመቷ ግን ቀስ የምትልበት ጊዜ የላትም።»

«አንቺ ልጅ፣ ቃልሽ እንደ መርፌሽ ነው።»

«መርፌም ለጤና ነው እማማ።»

ኢንዓም ስትሄድ ወይዘሮ ሸዋነሽ ሣጥኑን ከፈቱ። ነጠላውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ሰው ራሱን ሲሞግት ብዙውን ጊዜ ከጎረቤቱ ይልቅ ይከብደዋል፤ ጎረቤት በጨዋነት የሚያልፈውን ነገር ራስ አያልፍምና። ለማን ነው የምታስቀምጪው? አሉ በልባቸው። ለእታለም እንዳይሉ፣ እታለም ድመቷን ታቅፋ ከወንዶች ጋር የተሰለፈች ሴት ናት፤ ብትጠየቅ የትኛውን እንደምትመርጥ ያውቃሉ። ያስቀመጡት ለራሳቸው ነው። ለራሳቸው ሲሉ ደግሞ የእህታቸውን ድመት እያሰሩ፣ እያጠቡ፣ እያስራቡ ለሞት አድርሰዋታል። ይህን ሲያስቡ አላለቀሱም። ነጠላውን አንድ ጊዜ አሸተቱት፤ እንደ ሁልጊዜው አጭር አልነበረም። ከዚያ ጎንበስ ብለው በካርቶኑ ውስጥ አነጠፉት።

ሰፌዳቸውን አምጥተው ጀርባቸውን ለአልጋው ሰጥተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ለውዙን እየለቀሙ በቀስታ ማውራት ጀመሩ። ለድመት የሚባል ነገር ስላላወቁ ስለ ገበያው፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ አቶ ኻሚስ ስለሚያበዙት ሳቅ አወሩ። ጥላው ከመስኮቱ ወደ በሩ ተሻገረ። ከኋላቸው ካርቶኑ ኮሽ አለ። አልዞሩም። ጥቂት ቆይቶ ጨርቅ ሲረገጥ፣ ደጋግሞ ሲረገጥ ተሰማ፤ ቀጥሎ ዝም አለ። አንድ ሰፌድ ለቅመው ሁለተኛውን ሲያጋምሱ፣ ጥርስ የዓሣ አጥንት ሲሰብር ሰሙ።

እጃቸው ለውዙ ላይ ቆመ። አሁንም አልዞሩም። «ብይ» አሉ ብቻ፤ «ብይ እናቴ።»

*

ኢንዓም እሑድ ጠዋት ወደ መናኸሪያ ከመሄዷ በፊት ጎራ አለች። ቡሊት ካርቶኑ አፍ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ትጠርግ ነበር። ኢንዓም ከበሩ አላለፈችም።

«ሦስት ጊዜ በላች» አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ፤ «አሸዋውንም ተጠቀመችበት፤ ከብዙ ሰው ይልቅ ንጹሕ ናት። አንቺ ልክ ነበርሽ፤ እኔ ተሳስቻለሁ። ይህን ለአባትሽ ግን አትንገሪው፤ እስከ ፋሲካ ይስቅብኛል።»

«እሱ ትናንት ነው የሳቀው» አለች ኢንዓም። «አይቸኩሉ እማማ። ሁለት ሳምንት ከዚህ ክፍል አትውጣ። ከዚያ ቤቱን፣ ከወር በኋላ ግቢውን ታያለች፤ መጀመሪያ ከምግቧ ሰዓት በፊት ይልቀቋት፤ ስትራብ ትመለሳለች። አንድ ቀን ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ተመልሳ ትደበቃለች፤ ተዉአት፤ ራሷ ትወጣለች።»

ሁሉም እንዳለችው ሆነ። ክረምቱ ሲገባ ቡሊት የቤቱን ጥጋ ጥግ ታውቅ ነበር። ቀን ቀን በለውዙ ጆንያ ላይ ትተኛለች፤ በሰፌዱ ላይ ወደ ግራ የሚሄደው ክምር እያነሰ ሄደ፤ ኋላም ጠፋ። ወይዘሮ ሸዋነሽ የአይጥ መርዝ ቤታቸው ማስገባት ተዉ። ጎረቤት መጥቶ ሲያያት ቶሎ አላመነም፤ የሚያውቃት ድመት ሰው ስታይ የምትበረግግ ነበረችና።

ከማዶ የሚኖሩት አቶ አበጀ፣ እሳቸውም ከወሎ የመጡ ሰፋሪ ናቸው፣ አንድ ቀን በጆንያ የሚጮህ ነገር ይዘው እግሩን የሚቀቡበት ቅቤ ሊለምኑ መጡ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ቅቤውን ከለከሏቸው።

«ቅቤውን ለራስህ ብላው፤ ድመቱ ካርቶን ነው የሚፈልገው» አሏቸው። «ስማኝ አበጀ። የታሰረ ድመት ቤት አይለምድም፤ ገመዱን ይለምዳል። ገመዱ የተበጠሰ ዕለት ይሄዳል። ሳይታሰር የለመደው ግን በሩ ተከፍቶም ይቀመጣል። እሱ ካለ መርዝ አትገዛም፤ መርዝ ካልገዛህ ዶሮህ አትሞትም፤ እህልህም ንጹሕ ነው። ካልቧጨረህ ደግሞ ጤና ጣቢያ አትሰለፍም። ይህን ሁሉ የምታገኘው ምን ከፍለህ ነው? ጥቂት ቀን ዝም ብሎ በመቀመጥ።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የድመት ሐኪም የሆንሽው?» አሉ አቶ አበጀ።

«ካጠፋሁ በኋላ ነው። አንተ ሳታጠፋ ተማር።»

አቶ አበጀ አጉረምርመው ሄዱ። ካርቶን ግን ይዘው ሄዱ።

በእርግጥ የተገኘው ጥቅም አቶ አበጀ ከተነገራቸው ይበልጣል። ወይዘሮ ሸዋነሽ የተማሩት ነገር ከድመትም ያልፍ ነበር፤ የፈራን ፍጥረት ማሰር ታማኝ እንደማያደርገው፣ ያባቶችን ሥራ ማክበርም ስሕተታቸውን መድገም እንዳልሆነ አወቁ። ማታ ማታ ቡሊት መጥታ እግራቸው ሥር ትተኛለች። አንዳንድ ቀን ትከሻቸው ላይ ትወጣለች። ከእታለም ቤት የመጣችው ድመት በሕይወት አለች፤ ጤነኛ ናት፤ አትፈራም።

በመስከረም አንድ እሑድ ወይዘሮ ሸዋነሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ካርቶኑን ሊያጸዱ ነጠላውን አነሡ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። የድመት ፀጉርና የለውዝ ገለባ ሸተታቸው። አገላብጠው በሌላው ጫፍ ሞከሩ፤ ያው ነው። የእታለም ሽታ የለም።